የአፍ መጉመጥመጫን መምረጥና መጠቀም፦ ለየትኛው ችግር፣ መቼና እስከ መቼ?

መግቢያ

በመድኃኒት ቤቶችና በትልልቅ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ልዩ ልዩ ቀለምና ጣዕም ያላቸው የአፍ መጉመጥመጫዎች ተደርድረው ይታያሉ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በመዓዛቸው ወይም በዋጋቸው ነው። ይሁን እንጂ በጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የአፍን ጠረን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል፤ ሌላው ጥርስን ከመቦርቦር ለመከላከል ያግዛል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ መጉመጥመጫ መመረጥ ያለበት በችግሩ ዓይነት መሆኑን ማሳየት ነው። ችግሩ ሳይታወቅ ጠረኑን ብቻ መሸፈን በሽታውን መደበቅ ሊሆን ይችላልና።

መጉመጥመጫ ብሩሽን ይተካልን?

ሃራልድ ሉና ባልደረቦቹ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ጤናማ ድድ የነበራቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ባቆሙ ከ10 እስከ 21 ቀናት ውስጥ ድዳቸው ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩም ዳነ። ለዚህ ምክንያቱ ፕላክ የሚባለው፣ በጥርስ ላይ የሚለጠፍ የባክቴሪያ ንብርብር ነው። በ1970 ደግሞ ሉና ሺዮት 0.2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን በቀን ሁለት ጊዜ የተጉመጠመጡ ሰዎች ባይቦርሹም እንኳ ፕላክ እንዳልተከማቸባቸው አሳዩ።

ታዲያ ብሩሹ ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መድኃኒቱ በጸዳ ጥርስ ላይ አዲስ ፕላክ እንዳይፈጠር ይከላከላል እንጂ ቀድሞ በተከማቸው ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ጠጥሮ የደረቀውንም አያነሣም። እርሱን የሚያነሣው የጥርስ ባለሙያ ነው። ሁለተኛ፣ ክሎርሄክሲዲን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ጥርስንና ምላስን ቡናማ ያደርጋል፤ ጣዕምንም ያዛባል። ቡናና ሻይ ይህን ቀለም ያባብሳሉ። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት ይህ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህም መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚታዘዘው ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ፣ ለምሳሌ ከድድ ሕክምና በኋላ መቦርሽ በሚያስቸግርበት ወቅት ነው።

አመራረጥ

ለጥርስ መቦርቦር ተጋላጭ ለሆነ ሰው የሚስማማው ፍሎራይድ ያለበት መጉመጥመጫ ነው። የድድ መቆጣት ላለበት፣ ባለሙያ ካየው በኋላ፣ ጸረ ባክቴሪያ የሆነው ሊታዘዝለት ይችላል። አፉ ለሚደርቅበት ሰው አልኮል የሌለበት ይመረጣል፤ አንዳንዶቹ መጉመጥመጫዎች ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ይይዛሉና። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ፈሳሹን ሊውጡት ስለሚችሉ መጉመጥመጫ አይሰጣቸውም።

የስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውኃዎች ከዚህ ያልፋሉ። በልጅነት ከዚህ ውኃ የሚመጣው የጥርስ መበለዝ በጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ውስጥ የተፈጠረ ስለሆነ የትኛውም መጉመጥመጫ አያስለቅቀውም። እዚያ ለሚኖር ልጅ ተጨማሪ ፍሎራይድ ከመግዛት በፊት ባለሙያን ማማከር ይገባል።

አጠቃቀም

ብዙ ሰው ጥርሱን እንደቦረሸ ወዲያውኑ ይጉመጠመጣል። ይህ ልማድ ግን ጥቅምን ይቀንሳል። የተለመደው የጥርስ ሳሙና በሚሊዮን ከ1000 እስከ 1500 ክፍል ፍሎራይድ ሲኖረው፣ 0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለበት የየዕለት መጉመጥመጫ የሚይዘው 225 ክፍል ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ደካማው ብርቱውን አጥቦ ይወስደዋል። የተሻለው ጊዜ ከመቦርሽ የተለየ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሳ በኋላ ነው፤ ከዚያም ለ30 ደቂቃ ያህል አለመብላትና አለመጠጣት። ክሎርሄክሲዲንም ቢሆን በብዙ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ ባለው አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር ስለሚዳከም፣ ከቦረሹ በኋላ አፍን በውኃ በደንብ አጥቦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። መፋቂያ የሚጠቀም ሰውም ልማዱን መተው የለበትም፤ የድድ ዳርንና የውስጥ ጥርሶችን በጥንቃቄ ከፋቀበት ፕላክን ያነሣለታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመድኃኒት ቤት ባገለገለበት ጊዜ፣ አንድ ጎልማሳ ለወራት እየተመላለሱ ያንኑ ጠረን ማጥፊያ ይገዙ ነበር። አንድ ቀን «ድድዎ ይደማል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «እሱማ ድሮም ነው» አሉ። ወደ ጥርስ ሐኪም ሲሄዱ ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው ተነቃንቀው ተገኙ። የድድ በሽታ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚናገረው በደምና በጠረን ነው። ጠረኑን ሸፍነን ደሙን ከናቅነው የሚቀር ምልክት አይኖርም።

ማጠቃለያ

የዕለት ተዕለት የአፍ ንጽሕና መሠረቱ በቀን ሁለት ጊዜ በፍሎራይድ ሳሙና መቦርሽና በጥርሶች መካከል ማጽዳት ነው። መጉመጥመጫ ለታወቀ ችግር፣ በተገቢው ሰዓትና ለተወሰነ ጊዜ የሚጨመር ረዳት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ቢገዛ ይሻለዋል። ድዱ የሚደማ፣ የአፉ ጠረን ያልለቀቀው ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል ያለበት ሰው ግን ሌላ ጠርሙስ ከመግዛቱ በፊት መታየት ይኖርበታል።