ሰማዩን ከማመንሽ በፊት ሳጥኑን ጠርጥሪ

ሚጣዬ፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ፣ ስክሪኑን ልየው። «በአንድ ሌሊት 2.3 ሚሊዮን ኮስሚክ ሬይ ያዝኩ» ነው አርዕስትሽ? ለመምህርሽ ከመላክሽ በፊት ሻይሽን እየጠጣሽ ስሚኝ።

ትምህርት ቤታችሁ ጣሪያ ላይ ያሉት ሳጥኖች የተሰቀሉት ሂስፓርክ ለሚባለው መረብ ነው። ናይሜኸን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ፣ በአምስተርዳሙ ኒክሄፍ አስተባባሪነት ወደ ሌሎች የኔዘርላንድስ ከተሞች የተዛመተ ነው። ሳጥኑ ራሱ ሰው ለበረዶ መንሸራተቻ ብሎ መኪናው ላይ የሚያስረው ዓይነት መሆኑ ሁሌም ያስቀኛል። ውስጡ ግማሽ ካሬ ሜትር የሚሆን፣ ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል የፕላስቲክ ሳህን አለ።

ሳህኑን የሚነካው ከህዋ የመጣው ፕሮቶን ራሱ አይደለም። እሱ ከላይ ከአየር ጋር ተጋጭቶ ተሰባብሯል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በብዛት ሙዮን የሚባለው ቅንጣት ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር፣ በደቂቃ አንድ ገደማ ያልፋል። የሳህንሽ ስፋት 5000 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ በሰከንድ 80 ያህል ማለት ነው። በስምንት ሰዓት አባዢው፤ ያው ያንቺ 2.3 ሚሊዮን ይወጣል። ምንም አልያዝሽም እኮ፣ ዝናብ ላይ ባልዲ አስቀመጥሽ እንጂ!

ወሬው ወሬ የሚሆነው ሁለት ምስክር ሲገኝ ነው። ፒየር ኦዤ እ.ኤ.አ. በ1938 ቅንጣት ቆጣሪዎችን አራርቆ አስቀምጦ እኩል ሲጮሁለት፣ ከአንድ ቅንጣት የተወለደ የቅንጣቶች ዶፍ መሆኑን የተረዳው በዚሁ መንገድ ነው። ግን ምስክሮችም በአጋጣሚ ይገናኛሉ። ሁለቱ ሳህኖች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 80 ቢቆጥሩና «እኩል» የምትዪው በ1 ማይክሮሰከንድ ውስጥ የመጣውን ቢሆን፣ ያለ ምንም ዶፍ በየ78 ሰከንዱ አንድ የውሸት ግጥምጥሞሽ ይኖርሻል። ይህን ቀንሰሽ ካላሳየሽ መምህርሽ የመጀመሪያ ጥያቄ ያደርገዋል። እኔ ብሆን አደርገዋለሁ።

ሌላ ማጣሪያ ልስጥሽ። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ሳህኖቹ 10 ሜትር ከተራራቁ፣ ዶፉ ከጎን ቢመጣ እንኳ ልዩነቱ 33 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ እጅግ የራቀውን ጠርጥሪ። አቅጣጫ ላውጣ ካልሽ ደግሞ ሁለት ሳህን አይበቃሽም፤ ሦስተኛ ያስፈልግሻል።

ሰዓት! በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ያደገች ልጅ በዚህ እንድትሸወድ አልፈልግም። እማዬ ስልክ ላይ «ሦስት ሰዓት» ስትል ስንቱ ቀጠሮ ነው የተበላሸው? የጂፒኤስ ሰዓትም እንደዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 18 ሰከንድ ይቀድማል። ከሌላ ትምህርት ቤት ጣቢያ ጋር ልታመሳክሪ ስትይ ሁለታችሁም በየትኛው ሰዓት እንደጻፋችሁ አስቀድመሽ እይ። እኛ እዚህ የምናወራው ስለ ናኖሰከንድ ነው፣ 18 ሰከንድ ዘመን ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። በተማሪነቴ ቆጠራዬ በየጠዋቱ ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ የምትልከውን ቅንጣት አገኘሁ ብዬ ግራፍ ስሥል ከረምኩ። አንድ ቀን ሳጥኑን ስከፍት ብርሃን እንዳይገባ የሚሸፍነው ጥቁር ላስቲክ ጥጉ ላይ ተገንጥሎ ኖሯል። ፀሐይዋ በእርግጥ ነበረችበት፤ በቀዳዳው ገብታ የሳህኑን ብልጭታ የሚያነበውን የብርሃን ማጉያ ስታስጮኸው ነበር። ለጓደኞቼ ለመንገር አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ላንቺ ዛሬ በነጻ ነው።

ቀን በቀን የሚዋዥቅ ነገር ካየሽ ደግሞ በመጀመሪያ ባሮሜትሩን ተመልከቺ። የአየር ግፊት ሲጨምር በላያችን ያለው አየር ይበዛል፣ ሙዮኑ ይቀንሳል። ግራፉ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥሽ ተገላቢጦሹ ራሱ ይታይሻል፤ እኔ ከአርዕስትሽ ይልቅ ይህን ነው ወደ ፊት የማመጣው፣ ምክንያቱም በራስሽ ሳህን የለካሽው ነው።

በይ፣ አርዕስቱን አጥፊና የትናንቱን የግፊት መዝገብ ክፈቺልኝ፤ ሻይ እኔ እቀዳለሁ።