የወፍጮ ሞተር ሲታመም በድምፁ ማወቅ

ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት ያለው አጎቴ የሞተሩን ጤንነት የሚያውቀው በጆሮው ነበር። «ኩሽኔታው ማልቀስ ጀምሯል» ካለ፣ ብዙም ሳይቆይ መቀየሩ አይቀርም። ዕድሜው ሲገፋ ግን ጆሮው ደከመ። እኔም እዚህ ቶሮንቶ ተቀምጬ በጆሮው ፋንታ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ልሥራለት ብዬ ተነሣሁ። እንዴት እንደሠራሁትና የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ድምፅን «ደህና» እና «ብልሽት» ብሎ የሚለይ ሞዴል ነበር። የደህና ሞተር ድምፅ እንደ ልብ ይገኛል፤ የብልሽት ድምፅ ግን ከየት ይምጣ? ለእኔ ዳታ ብሎ ሞተሩን የሚሰብር የለም። ስለዚህ የሚሻለው ጤናማውን ድምፅ ብቻ አስተምሮ፣ ከዚያ የራቀውን ሁሉ መጠርጠር ነው።

ለዚህ የሚሆነን አውቶኢንኮደር የተባለው ኒውራል ኔትወርክ ነው። (ጥልቅ አውቶኢንኮደር እንዴት እንደሚሠለጥን ጂኦፍሪ ሂንተንና ሩስላን ሳላኹትዲኖቭ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳዩት እዚሁ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ነው፤ ለከተማዬ ባዳላ አትፍረዱብኝ።) ድምፁን በሰከንድ 16,000 ሳምፕል እንቀዳለን። በ64 ሚሊሰከንድ እየቆረጥን እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ 128 የሜል ባንድ ቁጥሮች እንለውጣለን። አምስት ተከታታይ ቁራጮች ሲገጣጠሙ 640 ቁጥር ይሆናሉ። ኔትወርኩ እነዚህን ወደ 8 ቁጥር ያጠባቸዋል፤ ከዚያ መልሶ 640ውን ለመገንባት ይሞክራል። የሚያውቀው ጤናማውን ድምፅ ብቻ ስለሆነ እንግዳ ድምፅ ሲመጣበት መልሶ መገንባት ያቅተዋል። በገባውና በወጣው መካከል ያለው ልዩነት ከፍ ሲል ደወል እናሰማለን።

ለመለማመጃ ሂታቺ በ2019 በነፃ የለቀቀው ሚሚ የተባለ ዳታ አለ፤ የፓምፕ፣ የፋን፣ የቫልቭና የስላይድ ሬይል ድምፆች አሉበት። እኔም በእሱና በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ባለው የፋን ሞተር ድምፅ አሠልጥኜ፣ በአሮጌ ስልክ ጭኜ ላክሁለት።

በማግስቱ አጎቴ ደወለ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ስልክህ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል፤ ወፍጮው ግን እየፈጨ ነው!»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የካናዳ ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ፣ የኢትዮጵያ 50 ሄርዝ ነው። ባለ አራት ፖል ሞተር እዚህ በደቂቃ 1,750 ገደማ ሲዞር፣ እዚያ 1,450 ገደማ ይዞራል። የማግኔቱ እምምታ እንኳ እዚህ 120 ሄርዝ፣ እዚያ 100 ነው። የብልሽቱም ምልክት ይለያል፦ ባለ 8 ኳስ ኩሽኔታ የውጭ ቀለበቱ ቢጫር፣ በግምት የኳሱን ብዛት በሰከንድ ዙሩና በ0.4 ስናበዛ እዚህ በሰከንድ 93፣ እዚያ 77 ጊዜ ያህል ይመታል። ለእኔ ሞዴል የአጎቴ ጤነኛ ሞተር ራሱ በሽተኛ ነበር።

አጎቴ ስልኩን አጠፋው፤ እውነቱን ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ኩሽኔታው ተሰባብሮ ዘንጉንም አበላሸው። የፋሲካ ሰሞን ወፍጮው አራት ቀን ቆመ፤ ደንበኛው ጤፉን ተሸክሞ ወደ ሌላ ሄደ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሁለተኛው ሙከራ ከዚያው ከወፍጮ ቤቱ ተጀመረ። አዲሱ ኩሽኔታ ከገባ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ቀዳን፤ ጤፍ ሲፈጭ፣ በቆሎ ሲፈጭ፣ ባዶውን ሲዞር። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ስልኮች ለንግግር ስለተዘጋጁ ያልተቋረጠ እምምታን እንደ ረብሻ ቆጥረው ያጠፉታል። በአንድሮይድ 7.0 እና ከዚያ ወዲህ «አንፕሮሰስድ» የሚባለውን የድምፅ ምንጭ ምረጡ፤ ስልኩ የሚደግፈው መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ደወሉም ጆንያ በወደቀ ቁጥር እንዳይጮኽ፣ ልዩነቱ አሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ ከፍ ካላለ ዝም እንዲል አደረግሁ።

ለወራት ዝም አለ። አንድ ቀን ሲጮኽ ደንግጬ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አቁመው!»

«ምን ሆነሃል? ትናንት ድንጋዩን አስወቅሬው እኮ ነው» አለኝ እየሳቀ።

አሁን ስልኩ ላይ «ድንጋዩ ተወቅሯል» የሚል ቁልፍ አለ። ሲጫነው ሞዴሉ የዚያን ቀን ድምፅ እንደገና ይማራል።