በቤይሩት ስለ አንድ የሄቪ ሜታል ቡድን

የሄልሲንኪው ፊንትሮል ከ1997 (እ.ኤ.አ.፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) ጀምሮ ሄቪ ሜታልን ሁምፓ ከተባለው የአገሩ ጭፈራ ጋር አዋሕዶ ብዙ አገር ዞሯል። በዚህ የጥናት ጽሑፍ የምናነሣው ግን ያው ሙዚቃ በጥርጣሬ ዓይን በሚታይበት ከተማ አንድ ቡድን እንዴት እንደሚኖር ነው።

በሊባኖስ ይህን ሙዚቃ የሚወዱ ወጣቶች ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሰይጣን አምላኪነት ሲታሙ ኖረዋል። የብራዚሉ ሴፑልቱራ በ2019 ወደ አገሩ እንዳይገባ ሲከለከል ከተነሡት ክሶች አንዱ ይኸው ነበር።

ስሌቭ ቱ ሳይረንስ የተቋቋመው የቤይሩት ሕዝብ ባልተነሣ ቆሻሻ ተማርሮ አደባባይ በወጣበት ዓመት፣ በ2015 ነው። መሥራቾቹ ጊታር ተጫዋቾቹ ሊላስ ማያሲና ሼሪ በሻራ ሲሆኑ ሌሎቹም አባላት ሴቶች ናቸው። በ2018 «ተርሚናል ሊችስ» የተባለ አጭር አልበም አወጡ፤ በ2019 እንግሊዝ አገር በግላስተንበሪ የሙዚቃ በዓል ላይ ተጫወቱ። የበዓሉ ስም ትልቅነት አያሳስተን፤ እነርሱ የወጡበት መድረክ ትንሽ፣ ተመልካቹም ጥቂት ነበር።

ይህንን ሪታ ባግዳዲ የሠራችው «ሳይረንስ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም (2022) ሳይሸፋፍን ያሳያል። ጥቅምት 2019 የተነሣው የሕዝብ ዐመፅ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2020 ከተማዋን ያፈረሰው የወደቡ ፍንዳታ፣ የመብራት መጥፋት፣ ሁሉም በፊልሙ አለ። በእኛ አስተያየት ግን ቡድኑን ለመፍረስ ያቃረበው ከውጭ የመጣው ችግር ሳይሆን የሁለቱ መሥራቾች ጠብ ነው። ሼሪ ለቅቃ ሄደች፤ በኋላ ተመለሰች። በማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው ይህንን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም።

ሳንጠይቅ የማናልፈው አንድ ነገር አለ። «ስሌቭ» ባሪያ ማለት ነው። ሳይረንስ ደግሞ በግሪኮች ተረት መርከበኞችን በዘፈን የሚያጠምዱ ፍጡራን ናቸው፤ ስለዚህ ስሙ ምሳሌ ነው። በዚያችው ከተማ ግን በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪያቸው ፈቃድ ውጭ መንቀሳቀስ የማይችሉ እኅቶቻችን በየሰው ቤት ይሠራሉ። በ2020 ኤኮኖሚው ሲወድቅ አሠሪዎች ብዙ ኢትዮጵያውያትን የቤይሩት ዳርቻ በሆነችው በሐዝሚዬ፣ ከቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። ይህን የምናነሣው ሙዚቀኞቹን ለመክሰስ አይደለም። በቤይሩት ስለ ሴቶች ነፃነት ሲዘፈን እነዚህን ሴቶች ይጨምራል ወይ? ፊልሙን ያያችሁ አባላት ሐሳባችሁን ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።