የሐጅ ቁጠባው ትርፍ፡- ስንት ከፈለ? ከምኑስ ከፈለ?



ገንዘባቸውን ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ ለማስቀመጥ ወይም አክሲዮን ለመግዛት ያሰቡ ወንድሞችና እህቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «በመቶ ስንት ይከፍላል?» የሚል፡፡ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ብቻውን ከቆመ ያሳስታል ባይ ነኝ፡፡ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ታቡንግ ሐጂ የተባለውን የማሌዢያ የሐጅ ፈንድ ምሳሌ አድርጌ ላስረዳ፡፡ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

የፈንዱን ሐሳብ ያመነጩት ኡንግኩ አዚዝ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ምሁር ናቸው፡፡ የገጠሩ ሙስሊም ለሐጅ ሲል መሬቱንና ከብቱን ሸጦ፣ ሲመለስ ድህነት እንደሚጠብቀው ተመልክተው በ1959 ዕቅድ አቀረቡ፤ ተቋሙም በ1963 ሥራ ጀመረ፡፡ ቆጣቢው ጥቂት በጥቂት ያስቀምጣል፡፡ ተቋሙ ገንዘቡን በእርሻ፣ በሕንፃና በአክሲዮን ላይ ያውለዋል፡፡ ከትርፉ ዘካው ተነስቶ ቀሪው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፋፈላል፡፡ ክፍያው «ሂባ» ይባላል፤ ስጦታ ማለት ነው፡፡ ስሙ እንዲያው የወጣ አይደለም፡፡ ወለድ አስቀድሞ የተቆረጠ፣ ተበዳሪው ቢከስር እንኳ የማይቀር ዕዳ ሲሆን፣ ሂባ ግን ትርፍ ከሌለ የለም፡፡

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ እንምጣ፡፡ ፈንዱ ለ2014 በጠቅላላው 8.25 በመቶ፣ ለ2015 ደግሞ 8፣ ለ2016 5.75፣ ለ2017 6.25 በመቶ ከፈለ፡፡ ይህን ዝርዝር ያየ ሰው ቢጓጓ አይፈረድበትም፡፡ ነገር ግን ከ8.25 ውስጥ 2ቱ ሐጅ ገና ላላደረጉ ብቻ የተሰጠ ጉርሻ ነበር፡፡ 10,000 ሪንጊት ያስቀመጠና ሐጁን የፈጸመ ሰው የደረሰው 825 ሳይሆን 625 ሪንጊት ነው፡፡ በጋዜጣ የሚወጣው ትልቁ ቁጥር የሁሉም ሰው ቁጥር አይደለም፡፡

ዋናው ጉዳይ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው፡፡ የ2018 ሂባ 1.25 በመቶ ብቻ ሆነ፤ ለ10,000 ሪንጊት 125 መሆኑ ነው፡፡ ምን ተፈጠረ? ሒሳቡ ሲመረመር በ2017 መጨረሻ የፈንዱ ሀብት 70.3 ቢሊዮን ሪንጊት፣ ዕዳው ደግሞ 74.4 ቢሊዮን መሆኑ ተገለጸ፡፡ የ4.1 ቢሊዮን ጉድለት ማለት ነው፡፡ የተቋሙ ሕግ ደግሞ ሀብቱ ከዕዳው ካነሰ ትርፍ ማከፋፈልን ይከለክላል፡፡ ዋጋቸው የወደቀ አክሲዮኖች ኪሳራ በወቅቱ እንዳልተመዘገበ መንግሥት አስታወቀ፤ የቀድሞ ኃላፊዎች ይህን ተቃውመዋል፡፡ ያም ሆነ ይህ፣ ገንዘቡ የመንግሥት ዋስትና ያለው ስለነበር መንግሥት በ2018 መጨረሻ አንድ ኩባንያ አቋቁሞ፣ ዋጋቸው የወደቀውን ንብረቶች ከገበያ ዋጋቸው እጅግ በላቀ በ19.9 ቢሊዮን ሪንጊት ተረከበ፡፡

ከዚያ ወዲህ ክፍያው ለ2019 3.05፣ ከ2020 እስከ 2022 በየዓመቱ 3.10፣ ለ2023ና ለ2024 ደግሞ 3.25 በመቶ ነው፡፡ ብዙዎች «ወረደ» ይላሉ፡፡ እኔ ግን ምንጩ ከማይታወቅ ስምንት ይልቅ እየተመላለሰ የሚመጣውን ሦስት እመርጣለሁ፡፡

ለእኛ አክሲዮን ገዢዎች ደግሞ ሌላ መልክ አለው፡፡ የሐጅ ፈንዱ ቆጣቢ ያስቀመጠውን ያንኑ ያህል መልሶ ስለሚያወጣ የተነገረው በመቶኛ የራሱ ትርፍ ነው፡፡ የአክሲዮን ማኅበር ትርፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ተሰልቶ ነው፡፡ የ1,000 ብር አክሲዮን 30 በመቶ ከፈለ ከተባለ 300 ብር ነው፡፡ ያንኑ አክሲዮን በ2,500 ብር የገዛ ሰው ግን ያገኘው 12 በመቶ ብቻ ነው፤ በዚያ ዓመት ኑሮው በ20 በመቶ ከተወደደ ደግሞ 300 ብሩን ተቀብሎም ወደኋላ ቀርቷል፡፡ ስለዚህ ሻጩን «በመቶ ስንት?» ከማለት አልፎ ያለፉትን አምስት ዓመታት የትርፍ ክፍያ በብር እንዲያሳይ መጠየቅ፣ ከጎኑም የየዓመቱን የተጣራ ትርፍ ከኦዲት ሪፖርቱ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል፡፡ ክፍያው ከተጣራው ትርፍ የበለጠበት ዓመት ካለ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳይመለስ ገንዘብ አይከፈልም፡፡