የማዕድን ክሪስታላዊ መዋቅርና የብረት ማቅለጥ፦ በጎንደር ደጋ ጥንታዊ ብረት ጥናት ላይ አጭር አስተያየት

ከጎንደር ፒያሳ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚገኘው ወለቃ በቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የታወቀ መንደር ነው። ስለ አካባቢው የብረት ሥራ ሲጻፍ ሠሪው እንጂ ድንጋዩ ብዙም አይጠየቅም፤ ሲጠየቅም የሚቀድመው በውስጡ ያለው ብረት በመቶ ስንት መሆኑ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል።

በንጹሕ ሁኔታ ማግኔታይት 72፣ ሄማታይት 70፣ ጎታይት ደግሞ 63 በመቶ ያህል ብረት ይይዛሉ። በከሰል እቶን ውስጥ ግን የምርጫው ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይችላል። በወናፍ የሚነፋ እቶን ሙቀት ብዙውን ጊዜ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ቀልጦ የሚፈሰው ስላግ የሚባለው ዝቃጭ ነው፤ ብረቱ ጠጣር እንደሆነ ይቀራል («ማቅለጥ» የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ጥቂት ያዘናጋል)። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ድንጋዩ ዘልቆ ኦክስጅኑን ይነጥቃል። ወሳኙ ነገር እንግዲህ ጋዙ መግቢያ ማግኘቱ ነው።

መግቢያውን የሚከፍተው የክሪስታሉ ለውጥ ነው። ጎታይት ከ250 እስከ 350 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ከክብደቱ 10 በመቶ የሚሆን ውሃ ያጣል፤ የኦክስጅኑ ድርድር በአመዛኙ ሳይፈርስ ውሃው ስለሚወጣ፣ ቦታው እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ሄማታይት በእቶኑ ውስጥ ወደ ማግኔታይት ሲለወጥ ደግሞ ድርድሩ ከሄክሳጎናዊ ወደ ኪዩባዊ ይዞራል፤ ይዘቱም እስከ 25 በመቶ ስለሚያብጥ ቅንጣቱ ይሰነጣጠቃል። ከተፈጥሮው ማግኔታይት የሆነ ድንጋይ ይህ ዕድል የለውም። ጥቅጥቅ እንዳለ ይቆያል፤ አስቀድሞ በክፍት እሳት ተጠብሶ ወደ ሄማታይት ካልተለወጠ በስተቀር ኦክስጅኑን የሚሰጠው በዝግታ ነው።

ጎንደር ደጋ በአመዛኙ የባዛልት ምድር ነው። በባዛልት ውስጥ ካለው ብረት ከፊሉ ከታይታኒየም ጋር በማግኔታይትና በኢልሜናይት ክሪስታል ታስሯል፤ ታይታኒየሙም በከሰል እቶን ብረት ሆኖ አይወጣም፣ ከስላጉ ጋር ይቀራል። ባዛልቱ በስብሶ በሚፈጠረው ቀይ ላተራይት ውስጥ ግን ብረቱ ብዙውን ጊዜ በጎታይትና በሄማታይት መልክ ይገኛል። በመቶኛ ድኻ የሚመስለው ቀይ ድንጋይ ለቀድሞው እቶን የተሻለ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የእቶን ቅሪት የሚያጠና ሰው ከኬሚካላዊ ትንተናው ጎን ለጎን የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምርመራ ሊያደርግ ይገባል። ማግኔት የሚስበው ድንጋይ ሁሉ ከተፈጥሮው ማግኔታይት አይደለም፤ ጎታይትም ከእንጨትና ከከሰል ጋር ሲጠበስ ማግኔት የሚስበው ይሆናል። በመሆኑም ከእቶኑ አጠገብ የተለቀመው ድንጋይና ከምንጩ የተቆፈረው በየራሳቸው ከረጢት ተለይተው መመዝገብ አለባቸው።