የቮልስ ሚኒሞ ሲያሻቅብ፦ ብሎን ከመዞሩ በፊት

ሚኒሞው ከፍ ያለ መኪና ጋራዥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ካቻቢቴ ነው። ብሎኑ ይዞራል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ባለመኪናውም አመስግኖ ይሄዳል። እኔ የምከራከረው ለተቃራኒው ነው፤ ብሎን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተር ዙር የሚጨምረው ወይ ከሚገባው በላይ አየር ሲያገኝ ወይ እሳቱ ቀድሞ ሲደርሰው ነው። የሚፈለገውም ይህ ትርፍ አየር የገባበት ወይም እሳቱ የቀደመበት ምክንያት ነው። ነገሩ በተጨባጭ እንዲታይ ከአዲስ አበባ ጎዳና ዛሬም ያልጠፋውን ቮልስ፣ በተለይም በፈረንጆቹ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡሬተር የተገጠመለትን ባለ1600 ሞተር እንውሰድ። የዚህ ሞተር ጤነኛ ሚኒሞ በደቂቃ ከ850 እስከ 900 ዙር ነው።

መጀመሪያ ዙሩ በእርግጥ ከፍ ማለቱ ይረጋገጥ። ጆሮ ያሳስታልና በዙር መለኪያ፣ ያውም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ይለኩ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር ዙሩ ከፍ ቢል ጤንነት ነው፤ ችግር የሚሆነው ሞቆም ሳይወርድ ሲቀር ነው። የዚህ ካርቡሬተር ቾክ አውቶማቲክ ነው፦ በጎኑ ባለው ክብ ቤት ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ በ12 ቮልት እየሞቀ ቾኩን ይከፍታል። ሽቦው ከተነቀለ ወይም ጫፉ ከዛገ ሞተሩ ቢሞቅም ቾኩ እንደተዘጋ ይቀራል። የአየር ማጣሪያውን አንሥተው ወደ ካርቡሬተሩ አፍ ሲመለከቱ የቾኩ ክዳን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ፔዳሉን አንዴ ረገጥ አድርገው ይልቀቁና በግራ በኩል ያለውን፣ ከቾኩ ጋር የሚዞረውን ደረጃ ደረጃ የተቀረጸ ቁራጭ ያስተውሉ፤ የነዳጅ መስጫው ክንድ ብሎን ከደረጃዎቹ በዝቅተኛው ላይ ማረፍ አለበት። ከላይኛው ደረጃ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። የፔዳሉ ሽቦ ተወጥሮ ክንዱን እንዳይመለስ መያዙንም በዚያው ይፈትሹ፤ ይህ የደቂቃ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ክንድ ላይ ያለውን ብሎን የሚኒሞ ማስተካከያ አድርጎ በመውሰድ ነው። በዚህ ካርቡሬተር ላይ እንደዚያ አይደለም። ብሎኑ ደረጃውን እስኪለቅ ድረስ ይፈታል፣ ከዚያ ልክ እስኪነካ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመርለታል፤ ከዚያ በኋላ አይነካም። ከዚህ በላይ ከጠበቀ የታችኛው፣ የነዳጅ መስጫው ክዳን ገርበብ ይልና ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደውን የመሳቢያ ቀዳዳ ይገልጠዋል። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ እያለ እሳቱ ይቀድማል፣ ዙሩም በሁለት በኩል ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ አየር በስርቆሽ የሚገባበትን ቀዳዳ መፈለግ ነው። በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት የመሐሉን የአየር ማስገቢያ ቧንቧ በግራና በቀኝ ካሉት ጫፎች ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ ጎማዎች ናቸው። ከላይ ሲታዩ ጥቁርና ለስላሳ ሆነው ከሥር ግን የተሰነጠቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ በጣትዎ ከታች ይዳብሷቸው፣ ማሰሪያቸውንም ያጥብቁ። ከዚያ የካርቡሬተሩ እግር ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን ይመልከቱ። ሞተሩ እየሠራ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ውኃ በጥቂቱ ይርጩ፤ ዙሩ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተለወጠ አየር የሚስበው በዚያ ነው። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጋበዝ ስለሆነ አይደረግም። በእርጅና የተበላ የነዳጅ መስጫ ዘንግም አየር ያስገባል። ክንዱን ይዘው ወዲያ ወዲህ ሲያነቃንቁት በጉልህ ከተወዛወዘ ካርቡሬተሩ አዲስ ቡሽ ያስፈልገዋል፤ ይህን ብሎን አያድነውም።

የእሳቱ ተራ ቀጥሎ ነው። ባለ አንድ ቱቦ ዲስትሪቢውተር በብዛት ቱቦው ተነቅሎና ተደፍኖ ከፒስተኑ የላይኛው ነጥብ በፊት 7.5 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ባለ ሁለት ቱቦው ደግሞ ቱቦዎቹ እንደተገጠሙ ከላይኛው ነጥብ በኋላ 5 ዲግሪ ላይ ይሞላል፤ ምክንያቱም ከቱቦዎቹ አንዱ በሚኒሞ ጊዜ እሳቱን ወደ ኋላ የሚጎትት ነው። ይህ ቱቦ ከተቀደደ እሳቱ ይቀድማል፣ ሚኒሞውም ያሻቅባል፤ ካርቡሬተሩ ምንም ሳይበደል ይወቀሳል። ዙሩ ጨምሮ የሚመለሰው ቀስ እያለ ከሆነም ሞተሩን አጥፍተው የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ይክፈቱና ሮተሩን በጣት ጠምዝዘው ይልቀቁት፤ በሞላው ኃይል ፈጥኖ ካልተመለሰ በውስጡ ያሉት ክብደቶች ደርቀው ተጣብቀዋል።

«ዙሩ በብሎን ከወረደ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። የተሰረቀው አየር ስለማይወጣ ነው። ዙሩ ቢወርድም ድብልቁ ነዳጅ እንዳጠረው ይቀራል፣ ነዳጅ ያጠረው ድብልቅ ደግሞ ሙቀት ይጨምራል። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በአየር በመሆኑ የሙቀት ትርፉ የሚያርፈው በቴስታታውና በጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ላይ ነው። «ከፍታው ነው» የሚለው መከራከሪያም እውነት አለው፣ ግን አቅጣጫው ተገልብጧል። 2,300 ሜትር በሚያልፈው አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ሚኒሞው ወደ መውረድ ያዘነብላል። እዚህ ተስተካክሎ ወደ አዋሽ የወረደ መኪና ዙሩ ትንሽ ቢጨምር የሚጠበቅ ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ 1,300 የሚዞር ሞተር ግን ከፍታን ማመካኘት አይችልም። የዲናሞው መብራት ብልጭ እንዳይል ሆን ብለው ሚኒሞ የሚያስጨምሩም አሉ፤ የእነሱ ሥራ ያለው ቺንጊያውና የዲናሞው ካርቦን ላይ ነው።

አሁን ካቻቢቴ ይነሣ። በካርቡሬተሩ ግራ ጎን ካሉት ሁለት ብሎኖች ትልቁ የአየር፣ ትንሹ የድብልቅ ነው። ትንሹን ሳያስጨንቁ እስከ መጨረሻው ይዝጉና ሁለት ዙር ተኩል ይፍቱት። ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ በትልቁ ብሎን ዙሩን 850 አካባቢ ያምጡ። ትንሹን ዙሩ ከፍተኛ እስኪሆን ከፈቱ በኋላ ከ20 እስከ 30 ዙር እስኪወርድ ቀስ ብለው ይመልሱት፤ በመጨረሻ በትልቁ ወደ 850 ያስተካክሉ። ትልቁ ብሎን ሙሉ በሙሉ ተዘግቶም ዙሩ ከ900 ካልወረደ ያልተገኘ ቀዳዳ አለና ወደ ጎማዎቹና ወደ ጓርኒሲዮኑ ተመልሰው እንደገና ይፈትሹ።