ቤት ከመግዛትዎ በፊት ቧንቧውን ያዳምጡ

በከተማችን ቤት ሊገዛ ወይም ሊከራይ የሚሄድ ሰው ከደላላው ጋር ግቢውን ይዞራል፣ በሮቹን ይከፍታል፣ ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋል። ቧንቧውን ግን ከፍቶ «ውሃ አለ» ከማለት አልፎ የሚያዳምጥ ብዙ የለም። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ደግሞ ኪሣራው የሚወድቀው ገዢው ላይ ነው። ከሴራሚክ ጀርባ የተቀበረ መስመር ሲበላሽ የሚከፈለው የቧንቧው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሴራሚኩ፣ የልስኑና ተከራይ ለቆ ቤቱ ባዶ የሚቆይበት ጊዜ ኪራይም አብሮ ይቆጠራል። ደግነቱ መስመሩ ብዙውን ጊዜ ከመፈንዳቱ በፊት ይናገራል። ንግግሩም በአራት ይከፈላል።

አንደኛው «ድው» የሚለው ነው። ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ ሲያቋርጥ ወይም መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ይሰማል። ምክንያቱ ሲሮጥ የነበረው ውሃ ባንዴ እንዲቆም መገደዱ ነው። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሞስኮ ባረጋገጠው ስሌት መሠረት፣ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሴኮንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ ባንዴ ሲቆም ግፊቱ በ12 ባር ገደማ ይጨምራል። 10 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ብቻ መሆኑን እዚህ ላይ ያስታውሷል። በፕላስቲክ ቧንቧ ጭማሪው ያንሳል፤ ቢሆንም ሲደጋገም መጋጠሚያዎችን ያላላል። መፍትሔው የላላውን ቧንቧ ግድግዳው ላይ አጥብቆ ማሰር፣ ከልክ ያለፈ የፓምፕ ግፊት መቀነስ፣ በኃይል የሚዘጋውንም ቼክ ቫልቭ ስፕሪንግ ባለው መለወጥ ነው።

ሁለተኛው መንተፋተፍ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሠፈሮች መስመሩ ባዶ ሲሆን አየር ይገባበታል፤ ውሃው ሲመለስ አየሩን እየገፋ ይመጣል። ይህ አየር ቆጣሪ ሊያዞር ስለሚችል ለኪስም አይበጅም። ውሃ ሲመጣ በቤቱ ከፍተኛ ቦታ ያለውን ቧንቧ በቀስታ ከፍቶ ማስተንፈስ ይረዳል፤ ለፎቅ ቤት ደግሞ በመስመሩ ጫፍ የአየር ማስወጫ ቫልቭ ማስገጠም ይሻላል።

ሦስተኛው ፉጨት ነው። ውሃው በጠባብ ቀዳዳ ሲሾልክ የሚወጣ ድምፅ ሲሆን፣ በግማሽ የተከፈተ ጌት ቫልቭ ወይም ያለቀ የቧንቧ ጎማ ያመጣዋል። ጌት ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሊከፈት ወይም ሊዘጋ እንጂ ውሃ ሊቀንስ አልተሠራም። ከአራቱ ሁሉ ርካሹ ጥገናም ይኸው ነው፤ ገዢን ሊያስደነግጠው አይገባም።

አራተኛው ቦይለሩ እንደ ጀበና ሲንተከተክ ነው። በማሞቂያው ብረት ላይ ነጭ የኖራ ቅርፊት ሲጋገር ከሥሩ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ይጮኻል። ቅርፊቱ ማሞቂያውን ያለ ዕድሜው ያቃጥለዋል። ኤሌክትሪኩ ከዋናው ተቋርጦ፣ ውሃው ተደፍቶ በባለሙያ ይጠረግ።

ከቦይለር ጋር የተያያዘ አንድ ገጠመኝ እዚህ ላይ ላንሣ። ቀደም ሲል በተከራየሁበት ቤት ቦይለሩ በሞቀ ቁጥር ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ነበር። የተጠራው ሠራተኛ የሚንጠባጠበውን ቀዳዳ በታፖ ደፈነና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አከራዬም እኔም ተደሰትን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የበርሜሉ ብየዳ ሌሊት ተላቀቀና ኮርኒሱንም ፍራሹንም አበላሸው። ለካስ የተደፈነው ሴፍቲ ቫልቭ ኖሯል። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል። ያ ጠብታ የዚሁ ጭማሪ መውጫ ነበር። እኛ ግን ዕድለኞች ነን። ሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ሴፍቲ ቫልቩም ቢደፈን ቦይለሩ እንደ ቦምብ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቫልቩ የተደፈነ ቦይለር ያየ ገዢ በዋጋ ከመከራከሩ በፊት ማብሪያውን ያጥፋ።

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በቂ ጊዜ ይስጡት። ፓምፑን አስነሥተው ያስቁሙ፣ የላይኛውን ቧንቧ ከፍተው ባንዴ ይዝጉ፣ ቦይለሩን አብርተው እስኪሞቅ ይጠብቁ። የሰሙትንም ለሻጩ በደላላው ፊት ይንገሩት፤ ወይ ያስጠግናል፣ ወይ ከዋጋው ይቀንሳል። ይህ ለደላላውም ይበጀዋል፤ ገዢው ከገባ በኋላ የሚሰማው «ድው» የደላላውንም ስም ይዞ ይወድቃልና። ቤት ላለው ደግሞ ምክሩ አጭር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።